ፌስታል ውስጥ የከረሙት የላቦራቶሪ ወረቀቶች

ታላቅ ወንድሜን እኛ ቤት ሁላችንም ወንድም ጋሼ ነው የምንለው። ጥር 2016 ላይ 51 ዓመቱ ነበር። የሚኖረው ሽሮ ሜዳ ነው። ከአስፋልቱ ወደ ቤቱ የሚያስገባውን ዳገት የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ወጣቱንም ያስተነፍሳል። ለሁለት ሳምንት ያህል ዳገቱን ሲወጣ ደረቱ መሃል ያቃጥለው ነበር። ቆም ሲል ይተወዋል። ሁላችንም አንድ ቃል ነበረን፤ ጨጓራ። እኔ ራሴ "ቃሪያውን ቀንስ" ብዬዋለሁ። ፋርማሲ ሄዶ ኦሜፕራዞል ገዛ፣ የተሻለውም መሰለው።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ሌሊት ላብ አጠመቀው። ግራ እጁ ዛለ፣ መንጋጋው ድረስ አመመው። ባለቤቱ ታክሲ ጠርታ ይዛው ከነፈች። ድንገተኛ ክፍል ኢሲጂ፣ ማለትም የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ፣ ተነሳ፣ ትሮፖኒን የሚባለው የደም ምርመራም ታዘዘ። የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚፈስ ነገር ነው። የመጀመሪያው ውጤት ያን ያህል አልነበረም። ከሦስት ሰዓት በኋላ ሲደገም ግን አሻቀበ። ይህን የምነግራችሁ በምክንያት ነው። ሕመሙ ገና እንደጀመረ የተወሰደ አንድ ትሮፖኒን "ደህና ነው" ቢልም ሐኪሙ እንደገና ይወሰድ ካለ አትከራከሩ፣ ጠብቁ። የወንድሜ የልብ ደም ሥር ተዘግቶ ነበር። ስቴንት የሚባል፣ ደም ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ ገባለትና ተረፈ።

በማግስቱ የልብ ሐኪሙን ኮሪደር ላይ አገኘሁት። ስለ ጨጓራው ስነግረው ራሱን ነቀነቀና "እህቴ፣ ጨጓራ ዳገትና ሜዳ አይለይም" አለኝ። ስትንቀሳቀሱ የሚነሳ፣ ስታርፉ የሚተው የደረት ሕመም ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ልብ ነው። ሴቶች ላይ ደግሞ ሁልጊዜ ደረት አይሆንም። ትንፋሽ ማጠር፣ የማይገባ ድካም፣ ማቅለሽለሽ ሆኖ ይመጣል።

ከዚያ ስለ እኛ ጠየቀኝ። የቅርብ ዘመድ፣ ወንድ ከሆነ ከ55፣ ሴት ከሆነች ከ65 ዓመት በፊት በልብ ከታመመ፣ እህት ወንድሞቹም መታየት አለባቸው አለኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ "ተመርምሬያለሁ፣ ኮሌስትሮሌ ጥሩ ነው" አልኩት።

"ስንት ነው?"

"ጥሩ ነው ብለውኛል።"

"ወረቀቱን አምጪው" አለኝ።

ሥራዬ ሒሳብ ነው። መሥሪያ ቤት የአሥር ዓመት ደረሰኝ በተራ በተራ አስቀምጣለሁ። የራሴ የላቦራቶሪ ውጤት ግን ቁም ሳጥን ላይ በተጣለ ፌስታል ውስጥ፣ ከመብራት ደረሰኝና ከልጆቹ የክትባት ካርድ ጋር ተደባልቆ ነበር። ያን ማታ ልጆቹ ሲተኙ ፌስታሉን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት። ሦስት የምርመራ ወረቀት አገኘሁ፤ የ2013፣ የ2015ና ከወር በፊት የተነሳሁት የ2016። እንደ ልማዴ መስመር አሰመርኩና ጎን ለጎን ጻፍኳቸው።

ጠቅላላ ኮሌስትሮል፦ 191፣ 186፣ 188። ከ200 በታች ስለሆነ ሁሉም "ጥሩ ነው" ያለኝ ይህን አይቶ ነው። ከሥሩ ያሉት ግን ሌላ ወሬ ያወሩ ነበር። ትሪግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስብ 142፣ ቀጥሎ 178፣ ቀጥሎ 214። "ጥሩው" ኮሌስትሮል የሚባለው ኤችዲኤል 46፣ 41፣ 36። በባዶ ሆድ የተለካ ስኳር 96፣ 104፣ 109። አንዱ ይወጣል፣ አንዱ ይወርዳል፣ ሌላው ቀስ ብሎ ይከተላል። የድርጅት ሒሳብ እንዲህ ቢመጣልኝ በዚያው ሰዓት ሥራ አስኪያጁን እጠራ ነበር። የእኔን ግን በየጊዜው አንዷን ወረቀት ብቻ እያየሁ፣ እያጠፍኩ ፌስታል ውስጥ ከተትኩ። ሦስቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው አልነበረም፣ እኔም ጭምር።

ሐኪሙ ወረቀቱን ሲያይ ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም። "ይሄ ስኳር ከመምጣቱ በፊት የሚሰማ ኮቴ ነው" አለኝ። እንደገባኝ ልንገራችሁ። ኢንሱሊን ከቆሽት ይወጣና ስኳሩን ወደ ጡንቻና ወደ ጉበት ያስገባል። ሰውነት ቀስ በቀስ ለኢንሱሊን ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ሲጀምር ቆሽት ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ማለትም ብዙ ኢንሱሊን ያመርታል። በዚህ ትግል ስኳሩ ለዓመታት ደህና ይመስላል። "ቆሽቴ አረረ" የምንለው ስንናደድ ነው፣ የእኔ ግን ማንም ሳያናድደኝ ለዓመታት ሲያርር ከርሟል። ይኼኔ ጉበት የተረፈውን ስኳርና ስታርች ወደ ስብ እየለወጠ ወደ ደም ይልካል። ትሪግሊሰራይድ ይወጣል። እሱ ሲበዛ ኤችዲኤል ይመናመናል። "መጥፎው" ኮሌስትሮል የሚባለው የኤልዲኤል ቅንጣቶችም እየደቀቁ በቁጥር ይበዛሉ፣ ወረቀቱ ላይ ግን መጠኑ ልከኛ ይመስላል። የእኔ ኤልዲኤል 109 ነበር፣ ማንንም አያስደነግጥም።

እዚህ ላይ ነጻ የሆነ ሒሳብ አለላችሁ። ከጠቅላላው ኮሌስትሮል ላይ ኤችዲኤልን ቀንሱ። የእኔ 188 ሲቀነስ 36፣ 152 ነው። ይህ የደም ሥር የሚጎዱትን ሁሉ በአንድ ላይ ይይዛል። በጥቅሉ ከ130 በታች ቢሆን ይመረጣል፣ ልቡን ለታመመ ሰው ከዚያም በጣም ይወርዳል። አፖ ቢ የሚባል ምርመራ የእነዚህን ጎጂ ቅንጣቶች ቁጥር በቀጥታ ይናገራል። እሱን ማግኘት ካልቻላችሁ ግን ይህ ቅነሳ ብዙ ይነግራችኋል።

ሌላው አምስት ነገር መቁጠር ነው። ወገብ መስፋት፣ ትሪግሊሰራይድ 150 እና ከዚያ በላይ፣ ኤችዲኤል ለሴት ከ50 ለወንድ ከ40 በታች፣ የደም ግፊት 130 በ85 እና ከዚያ በላይ፣ በባዶ ሆድ ስኳር 100 እና ከዚያ በላይ። ከአምስቱ ሦስቱ ያለበት ሰው ሜታቦሊክ ሲንድረም አለበት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1988 የስታንፎርዱ ሐኪም ጄራልድ ሪቨን የእነዚህን ነገሮች ተያይዞ መምጣት "ሲንድረም ኤክስ" ብሎ ሰይሞት ነበር። እኔ አራት ቆጠርኩ። ወገቤ በልብስ ስፌት ሜትር 97 ሴንቲሜትር ሆነ። ሴት ከ80 ካለፈች መጠንቀቅ ትጀምር፣ ከ88 ካለፈች አጥብቃ ታስብበት ተብያለሁ። ግፊቴ ብቻ ደህና ነበር።

"በእርግዝና ስኳር ነበረብሽ?" ሲለኝ ደነገጥኩ። አዎ፣ ሁለተኛ ልጄን ሳረግዝ ነበረብኝ። ወለድኩ፣ ጠፋ፣ ረሳሁት። በእርግዝና ጊዜ ስኳር የታየባት ሴት በኋላ የስኳር ሕመምተኛ የመሆን ዕድሏ ከሌላዋ በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ ወይ አልተነገረኝም፣ ወይ ሕፃን ታቅፌ አልሰማሁም። እናቶች፣ ይህ የደረሰባችሁ ከሆነ ቢያንስ በየሦስት ዓመቱ ስኳራችሁን ተለኩ።

አሁን ወደ ስህተቶቼ ልምጣ፣ ብዙ ናቸው።

ኢንተርኔት ላይ ሳነብ አድሬ "የኢንሱሊን ምርመራ ካልታዘዘልኝ" ብዬ ድርቅ አልኩ። ሐኪሙ አያስፈልግም አለኝ። በግሌ ከፍዬ ተነሳሁ፣ ርካሽም አልነበረም። 17 ወጣ። ኢንሱሊኑ በስኳሩ ተባዝቶ ለ405 ሲካፈል ሆማ የሚባለው ቁጥር ይገኛል። የእኔ 4.6 መጣ፣ ከ2 ወይም ከ3 በላይ ሲሆን ሰውነት ኢንሱሊንን አልሰማ ማለቱ ይጠረጠራል። ውጤቱን ይዤለት ስገባ "ቀድሞ የምናውቀውን ነው የነገረሽ" አለኝ። ልክ ነበር። የኢንሱሊን መለኪያ ከላቦራቶሪ ላቦራቶሪ ይለያያል፣ ለዚህም ነው ለሁሉም ሰው የማይታዘዘው። በዚያ ገንዘብ ጥሩ የእግር ጉዞ ጫማ እገዛ ነበር።

ጉንፋን ይዞኝ ሳለ ደግሞ የደም ሥር ብግነት ያሳያል የተባለውን ሲአርፒ ተነሳሁ። 12 ሆነ። ልሞት ነው ብዬ አለቀስኩ። ሐኪሙ ሳቀ። ከ10 በላይ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ኢንፌክሽን ነው፣ ድነሽ ተመለሺ አለኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ 2.4 ነበር፣ ከ1 እስከ 3 ያለው መካከለኛ ነው። ታማችሁ እያለ ይህን አትለኩ።

የሦስት ወር የስኳር አማካይ የሚያሳየው ኤችቢኤዋንሲም አታሎኛል። 6.2 ሆነ። ከ5.7 እስከ 6.4 ያለው ቅድመ ስኳር ነው፣ 6.5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ስኳር ሕመም ነው። ግን ሄሞግሎቢኔ 10.1 ብቻ ነበር። የወር አበባዬ ከባድ ስለሆነ ደም ማነስ ነበረብኝ። የብረት እጥረት ደግሞ ይህን ቁጥር ከእውነተኛው ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ሦስት ወር የብረት ኪኒን ወስጄ ስለካ 5.9 ሆነ። አሁንም ቅድመ ስኳር ነው፣ ግን 6.2ም አይደለም። ደም ማነስ ካለባችሁ ለሐኪማችሁ ሳትነግሩ ይህን ቁጥር አትመኑ።

ትልቁ ስህተቴ ግን ሆዴ ላይ ነው። ስኳር ተውኩና ማር ጀመርኩ። ጠዋት ጠዋት አብሽ፣ ማታ ሽፈራው ቀቀልኩ፣ ጥቁር አዝሙድም ጨመርኩ። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ "ይኸው፣ ቅባት የለም፣ እግዜር ራሱ አዘዘልኝ" ብዬ ተረጋጋሁ። የምበላውን ልንገራችሁ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለት እንጀራ በሽሮ፣ ማታ ፓስታ በስጎ ወይ ድንች፣ መሃል ላይ ዳቦ በሻይ፣ ስብሰባ ካለ ለስላሳ። ስድስት ሳምንት ጾሜ ሚያዝያ ላይ ስለካ ትሪግሊሰራይዴ 231። ተናደድኩ። "ቅባት ሳልቀምስ?" ብዬ ሐኪሙ ላይ ጮህኩ። እሱም ጉበቴ ከዳቦና ከስኳር ስብ እንደሚሠራ ለሁለተኛ ጊዜ በትዕግሥት አስረዳኝ። መጀመሪያ ሲነግረኝ ሰምቼ ነበር፣ ግን ዳቦዬን ይመለከታል ብዬ አላሰብኩም።

እማዬንም አስመረመርናት። ረቡዕ ቀን ነበር፣ "በጾም ይምጡ" ተብላለች። ለግፊት ኪኒኗ ስትል ጠዋት ትንሽ ትቀምሳለች። ደም ቀጂዋ "ጾመዋል እማማ?" ስትላት "እንዴታ!" አለች። ስኳሯ 171 ሲሆን ሁላችንም ክው አልን። ቤት ደርሰን ስንጠይቃት የሽሮ ፍርፍር በሻይ በልታለች። "ሽሮ ጾም ነው እኮ!" ብላ ተቆጣች። እናትና አባታችሁን ስትልኩ "ጾማችሁ ሂዱ" አትበሉ። "ከማታ ጀምሮ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ከውኃ በቀር ምንም፣ ሻይም ቢሆን፣ አትቅመሱ" በሏቸው።

ሲደገምላት ትሪግሊሰራይዷ 98 ሆነ፣ ደስ አለን። ስኳሯ ግን 118። ሐኪሙ የነገረኝን ብዙ ሰው የሚያውቀው አይመስለኝም። አሜሪካ ውስጥ በጥቁሮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት አፍሪካዊ የዘር ሐረግ ያለው ሰው ኢንሱሊን እምቢ ብሎትም ትሪግሊሰራይዱ ዝቅ ሊል ይችላል። ስለዚህ የእኔ ዓይነት ከፍ ያለ ቁጥር ምልክት ነው፣ የእማዬ ዓይነት ዝቅ ያለ ቁጥር ግን ነጻ አያወጣም። ወገብንና ስኳርን አብሮ ማየት ነው።

ታናሽ እህታችን ስቶክሆልም ናት። ደውላ "የእኔ ስኳር 6.2 ነው" ስትለን እልል አልን፣ እኛ መቶ ምናምን ነንና። አንድ ነው እኮ! እዚያ የሚለኩት በሚሊሞል ነው፣ እኛ በሚሊግራም፤ 6.2 በ18 ሲባዛ 112 ይመጣል። ኮሌስትሮል ሲሆን በ38.7፣ ትሪግሊሰራይድ በ88.6 ታባዛላችሁ። ውጭ ካለ ዘመድ ጋር ቁጥር ስትለዋወጡ መለኪያውን ሳትጠይቁ አትደሰቱ፣ አትደንግጡም። እሷ ግን አንድ ጥሩ ነገር አደረገችልን። ኤልፒ ኤ የሚባለውን፣ ኤልዲኤል የሚመስል የኮሌስትሮል ተሸካሚ፣ ተነሳች፣ 160 ናኖሞል ወጣ። ከ125 በላይ ከፍተኛ ነው። በዘር የሚመጣ ነው፣ በምግብ አይለወጥም፣ በዕድሜ አንዴ መለካት ይበቃል። ወንድም ጋሼ ሲጋራ ሳያጨስ በ51 ለምን ወደቀ ለሚለው አንድ ፍንጭ ሰጠን።

ለሐኪሙ ይህ ሲነገረው ስታቲን የሚባለውን ኮሌስትሮል የሚቀንስ ኪኒን አዘዘልኝ። ኪኒኑን ገዝቼ ሦስት ሳምንት መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። "ከጀመርሽው ማቆሚያ የለውም፣ ጉበት ይበላል" ያላለኝ ሰው የለም። ወንድም ጋሼ ሊጠይቀኝ መጥቶ ማሸጊያው እንዳለ መሆኑን አየ። "እኔ በቀን ሰባት እውጣለሁ፣ አንቺ አንድ ከበደሽ?" አለኝ። ያን ማታ ጀመርኩ። ስኳርን በጥቂቱ ከፍ ሊያደርግ እንደሚችል ሐኪሙ አልደበቀኝም፣ ለእኔ ዓይነቷ ግን ጥቅሙ ይበልጣል አለኝ። እናንተ የእኔን አይታችሁ አትጀምሩ፣ የራሳችሁን ሐኪም ጠይቁ። ማርገዝ የምታስቡ ደግሞ አስቀድማችሁ ንገሩት።

ከግንቦት ጀምሮ የለወጥኩት ብዙ አይደለም። በቀን አምስት ሻይ በሦስት በሦስት ማንኪያ ስኳር እጠጣ ነበር። ቁጭ ብዬ ደመርኩት፣ 15 ማንኪያ፣ ወደ 60 ግራም ነው። መጀመሪያ ወደ አንድ፣ በሁለተኛው ወር ወደ ዜሮ አወረድኩት። ማሩንም ተውኩ። እንጀራ አልተውኩም፣ ከሁለት ወደ አንድ አደረግሁ፣ ጎመኑንና ምስሩን አበዛሁ። "ጤፍ ነው፣ ችግር የለውም" የሚለውን እኔም አምን ነበር። ጤፍ ብረትም ፋይበርም አለው፣ ግን ስታርችም ነው። ገበታው ላይ ጎመኑን ቀድሜ እበላለሁ፣ እንጀራው ኋላ ይመጣል። ባሌ መጀመሪያ ሳቀብኝ፣ አሁን ጎመኑን ይሻማኛል።

ከእራት በኋላ 20 ደቂቃ እንራመዳለን። የሚሠራ ጡንቻ ያለ ኢንሱሊን ፈቃድም ስኳር መሳብ ይችላል፣ ለእኔ ዓይነቱ ትልቅ ነገር ነው። አሜሪካ ውስጥ ቅድመ ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ትልቅ ጥናት አለ። ክብደታቸውን 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ የተነሱት ወደ ስኳር ሕመም የመግባታቸው ነገር በ58 በመቶ ቀነሰ፣ ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር መድኃኒት የወሰዱት በ31 በመቶ። እኔ 78 ኪሎ ነበርኩ፣ 7 በመቶው አምስት ኪሎ ተኩል ነው። 20 ኪሎ ቀንሺ ቢሉኝ ኖሮ አልነሳም ነበር።

ታኅሣሥ 2017 ላይ እንደገና ተለካሁ። የገና ጾም ላይ ነበርኩ፣ ያውም ሆን ብዬ። ትሪግሊሰራይድ 128፣ ኤችዲኤል 43፣ ስኳር 97፣ ኤችቢኤዋንሲ 5.6፣ ከጠቅላላው ኮሌስትሮል ላይ ኤችዲኤል ተቀንሶ የሚቀረው ደግሞ ከ152 ወደ 101። ወገቤ 89። ኤችዲኤሉ ገና ነው፣ የሚነሳው ቀስ ብሎ ነው ተብያለሁ። ጾሙ ያው ጾም ነው፣ ዳቦውና ለስላሳው ብቻ ነው የጎደለው።

ወረቀቶቼ አሁን ፋይል አላቸው፣ የፊተኛው ገጽ ላይ ሰንጠረዥ አለ። እናንተም ደብተር ላይ አምስት መስመር ብታሰምሩ ይበቃል። ቀን፣ ትሪግሊሰራይድ፣ ኤችዲኤል፣ ስኳር፣ ወገብ።

ባለፈው እሑድ ሽሮ ሜዳ ሄጄ ዳገቱን ከወንድም ጋሼ ጋር ወጣነው። ሁለት ጊዜ ቆመ፣ ሁለቱንም ጊዜ ሰው ሰላም ለማለት ነው። ቤት ስንደርስ ከአልጋው ሥር አንድ ፌስታል ጎትቶ አወጣና "የእኔንም ደርድሪልኝ" አለኝ። ከሥር ያገኘሁት ወረቀት የ2012 ነው። ጠቅላላ ኮሌስትሮል 194። ትሪግሊሰራይድ 246፣ ኤችዲኤል 33። ዳር ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ "ጥሩ ነው" ተብሎ ተጽፎበታል።